«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይብቃን!»

(ከዚህ በታች የሚነበበው አንድ በጡረታ የተገለሉ አንጋፋ የታሪክ መምህር፣ ላምበረት አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ ለሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህራን በተዘጋጀ ዐውደ ጥናት ላይ ያሰሙት ንግግር ነው። ስማቸው እንዳይጠቀስ በጠየቁት መሠረት ትተነዋል። — ዝግጅት ክፍሉ)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ሁለት ሦስት ታክሲ ቀይራችሁ፣ መገናኛ ላይ ፀሐይ እየመታችሁ ተሰልፋችሁ፣ እዚህ ላምበረት የደረሳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጠዋት በር ላይ ቆሜ ስትገቡ አይቻችኋለሁ። ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ የጠየቃችሁት ምን ነበር? «የዛሬው ርዕስ ምንድነው?» ነው? አይደለም። «አበሉ ስንት ነው? ፊርማው የት ነው?» ነው።

አትሳቁ! እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። አልፈርድባችሁም። የመምህር ደመወዝ የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ የልጅ ደብተር ገዝቶ ወር የማይደርስባት አገር ውስጥ፣ መምህሩ ስለ አበል ቢጠይቅ ነውሩ የጠያቂው አይደለም። ነውሩ ሌላ ቦታ ነው። ነውሩ፣ ከአበሉ ሌላ ከስልጠና ይዞት የሚሄደው ነገር አለመኖሩ ነው።

ያለንበት ሰፈር ስሙ ላም በረት ነው። ስለዚህ በላም ልጀምር። አባቶቻችን «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ይላሉ። የእኛን የስልጠና ዘመን ከዚህ ተረት የበለጠ የሚገልጸው አላገኘሁም። ታሪክ ባልዋለበት አዳራሽ ተሰብስበን የታሪክ ማስተማሪያ ስንለቅም ኖርን!

ኮሌጁ ወደ እኛ ሲወርድ

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ስልጠና ፖሊሲ የትምህርቱን እርከን ለወጠው። በአዲሱ እርከን መሠረት ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ 11ኛና 12ኛ ክፍል «መሰናዶ» ተባለ። ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ላይ ይሰጥ የነበረው የፍሬሽማን ትምህርት ወደ መሰናዶ እንዲወርድ ተደረገ፤ የመጀመሪያዎቹ የመሰናዶ ልጆችም በ1996 ዓ.ም. በቀጥታ ወደ ዲፓርትመንታቸው ገቡ።

በወረቀት ላይ ሲነበብ ያምራል። ግን አንድ ነገር ተረሳ። የኮሌጁ ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲወርድ የኮሌጁ መምህር፣ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍትና የኮሌጁ ጊዜ አብረው አልወረዱም። የወረደው መጽሐፉ ብቻ ነው። ትናንት ለዘጠነኛ ክፍል የዓድዋን ቀን ሲያስጽፍ የነበረ መምህር፣ በማግስቱ ስለ ፊውዳል ሥርዓት ምንነት፣ ስለ ኢንዱስትሪ አብዮት መንስኤ፣ ስለ ቅኝ አገዛዝ ባሕርይ ለመሰናዶ ተማሪ አስተምር ተባለ። ማን አዘጋጀው? ማንም! ጠመኔውን ተቀብሎ ገባ።

ከዚያ ደግሞ በ2001 ዓ.ም. 70 በ30 የሚባለው መጣ። ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 ከመቶው ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶው ብቻ ማኅበራዊ ሳይንስ ይሁን ተባለ። አገሪቱ መሐንዲስ አያስፈልጋትም የሚል ሰው የለም። ነገር ግን መልእክቱ ለተማሪው ምን ሆኖ ደረሰው? «ታሪክ የሰነፍ መጠለያ ነው» ሆኖ ነዋ! ጎበዙ ልጅ ታሪክ ልማር ሲል ቤተሰቡ ያለቅስ ጀመር። የታሪክ መምህር የሚወጣውም ከዚሁ ሳይወድ ታሪክ ከተመደበ ተማሪ መካከል ነው።

ሃያ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ደግሞ «ተሳስተን ነበር» ተባለ። በ2010 ዓ.ም. የቀረበው የትምህርት ፍኖተ ካርታ ፍሬሽማን እንዲመለስ ሐሳብ አቀረበ፤ በ2012 ዓ.ም. ተመለሰ። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ የሁሉም ተማሪ የጋራ ትምህርት እንዲሆን ተወሰነ። እሰየው! ግን ሌሎቹ ትምህርቶች ሲጀመሩ የታሪኩ ሞጁል በይዘቱ ላይ በተነሳ ጭቅጭቅ ወደ ኋላ ቀረ። ምሁራኑ ራሳቸው ተቀምጠው መስማማት ያቃታቸውን ጉዳይ፣ እናንተ በየክፍላችሁ ስልሳና ሰባ ልጅ ፊት ቆማችሁ በየዕለቱ ትጋፈጡታላችሁ። ታዲያ ለዚህ ማን አሰለጠናችሁ?

ቁጥሩ ራሱ ይጮኻል

ውጤቱን ደግሞ አይተነዋል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የነበሩት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተናውን ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ገብተው ተፈተኑ። ኩረጃው ሲቀር እውነቱ ወጣ። ከ896,520 ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ብቻ ነው፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። ይህን ሁሉም ሰምቷል። ያልተወራለት ሌላ ቁጥር አለ። ከተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች 6.8 በመቶ ሲያልፍ፣ ከማኅበራዊ ሳይንስ ያለፈው 1.3 በመቶ ነው። ከ556,878 ልጆች 6,973! እነዚህ የእኛ ልጆች ናቸው፤ ታሪክ ያስተማርናቸው!

በ2017 ዓ.ም. አጠቃላይ የማለፊያው መጠን ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ከመቶ ተማሪ ዘጠኙ እንኳ ሳያልፍ «ተሻሻለ» ብሎ ከበሮ መምታት ለመምህር አይገባም።

ጥፋቱ የመምህሩ ብቻ ነው አልልም። የመጽሐፍ እጥረቱን፣ የተጨናነቀውን ክፍል፣ ተማሪው የማይረዳውን የእንግሊዝኛ መማሪያ ሁላችን እናውቀዋለን። ነገር ግን «እኛስ?» ብለን ራሳችንን ካልጠየቅን ታሪክ መምህር መባላችን ምኑ ላይ ነው?

ስልሳ ሰዓት የት ገባ?

በ2001 ዓ.ም. በወጣው ማዕቀፍ መሠረት እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማድረግ አለበት። ሲፒዲ የምንለው ነው። ስልሳ ሰዓት ቀላል ነገር አይደለም። በስልሳ ሰዓት የታደሰ ታምራትን ወይም የባሕሩ ዘውዴን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ፣ ተወያይቶ፣ ለክፍል የሚሆን ትምህርት አውጥቶ መጨረስ ይቻላል።

እኛ ምን አደረግንበት? ፎልደር ሞላንበት! የዓምናውን ፖርትፎሊዮ ቀን ቀይረን አስገባን። ዩኒት ሊደሩ ፈረመ፣ ዳይሬክተሩ ማኅተም አደረገ፣ ሱፐርቫይዘሩ «በጣም ጥሩ» አለ። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም። ስልጠና ተብሎ ስንጠራም የሚሰጠን «አሳታፊ የማስተማር ዘዴ»፣ «ተከታታይ ምዘና»፣ «የክፍል አያያዝ» ነው። ዘዴው አይጠላም። ነገር ግን የሒሳብ መምህሩም፣ የስፖርት መምህሩም፣ እኔም አንድ አዳራሽ ተቀምጠን ያንኑ ፓወር ፖይንት እናያለን። በቡድን ተከፋፈሉ እንባላለን፤ ፍሊፕ ቻርት ላይ እንጽፋለን፤ አንዱ ወጥቶ ያቀርባል፤ ይጨበጨባል፤ ሻይ ይመጣል። ስለ ታሪክ አንድ ቃል ሳይነሳ ይመሻል! ሰርተፊኬቱ ግን አለ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይህ ነው።

አንድ ልጅ ዝም አሰኝቻለሁ

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። ሌላውን ብቻ እየወቀስኩ ብወርድ አይሆንም።

በ1997 ዓ.ም. ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች አሉኝ። ስለ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት እያስተማርኩ ነበር። ላሊበላን ጻፍኩ፣ ዛጉዌን ጻፍኩ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ቀጭን ልጅ እጁን አወጣ። ልጁ ከየካ ተራራ ወገን እየወረደ የሚማር ነበር። «ቲቸር፣ እኛ ሰፈር ያለው ዋሻ ሚካኤል የተፈለፈለው በአብርሃና አጽብሐ ዘመን ነው ይላሉ አያቴ። እርስዎ ደግሞ ፍልፍል ሁሉ በዛጉዌ ጊዜ ነው አሉ። የቱ ነው ትክክሉ?» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ? አላውቅም ነበር። ዋሻ ሚካኤልን ረግጬው አላውቅም። ስለ እሱ የተጻፈ አንድ ገጽ አላነበብኩም። ከማስተምርበት ክፍል መስኮት ተራራው ይታያል! ታዲያ «አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ» ማለት አቃተኝ። ምን አልኩት መሰላችሁ? «አያትህ ይፈትኑሃል ወይስ ማትሪክ? ቁጭ በል!» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ቁጭ አለ። ከዚያን ቀን በኋላ ዓመቱ እስኪያልቅ አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም።

ያ ልጅ ያነሳው ጥያቄ እኮ ታሪክ የሚባለው ሙያ ራሱ ነው! አንድ ወገን የአፍ ትውፊት ይላል፤ ሥራውን ወደ አራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይወስደዋል። ሌላ ወገን የሕንፃውን አሠራር አይቶ ወደ መካከለኛው ዘመን ያመጣዋል። ሁለቱ ለምን ተለያዩ? ትውፊቱ ምን ይነግረናል? ድንጋዩስ? ትልልቆቹ የታሪክ ሰዎች ዕድሜያቸውን የጨረሱት በእንዲህ ያለ ጥያቄ ነው። አንድ የ16 ዓመት ልጅ በነፃ ሲያመጣልኝ እኔ በሳቅ ገደልኩት። ከስንትና ስንት ስልጠና ሰርተፊኬት ነበረኝ። አንዱም ለዚያች ደቂቃ አላዘጋጀኝም።

ስልጠና ማለት ምን ማለት ነው?

አሜሪካኖች «አድቫንስድ ፕሌስመንት» የሚሉት ነገር አላቸው። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እዚያው ትምህርት ቤቱ ሆኖ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት የሚማርበት ነው። እኛ መሰናዶ ስንል ካደረግነው ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ መምህሩ ላይ ነው። በክረምት መምህራኑ በየትምህርት ዓይነታቸው ተለይተው ይሰለጥናሉ፤ የታሪክ መምህሩ ከታሪክ መምህር ጋር፣ ስለ ታሪክ! በየዓመቱ ደግሞ የተማሪዎቹን የጽሑፍ መልስ ለማረም የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ መምህራን በሺህ ሆነው ይሰበሰባሉ። የዩኒቨርሲቲው ሰውና የሁለተኛ ደረጃው ሰው አንድ ወረቀት ይዘው «ይህ ልጅ ማስረጃውን ተጠቅሟል ወይስ አልተጠቀመም?» እያሉ ይከራከራሉ። ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአሜሪካ ታሪክ ፈተናቸው ውስጥ ሰነዶች ለተማሪው ተሰጥተው፣ ከሰነዶቹ ተነስቶ ክርክር እንዲጽፍ ይጠየቃል። የእኛ ልጅ ግን 12ኛ ክፍል ሲጨርስ የሚፈተነው «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ነው። ማጥቆር ነው!

አንድ ነገር ልጨምር። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ፈተናውን የሚያዘጋጀው ድርጅት የዓለም ታሪክ ትምህርቱን ከ1450 እንዲጀምር ቆርጦ ነበር። መምህራኑ ተነሱ። «ከ1450 ብንጀምር አፍሪካን የምናስተዋውቀው አውሮፓዊው መርከብ ይዞ ሲመጣ ነው» አሉ። ድርጅቱ በሁለት ወር ውስጥ መለስ ብሎ ከ1200 ይጀምር አለ። አክሱም አሁንም ቀርታለች፤ ሆኖም መምህሩ ተናግሮ ተሰማ። ቁም ነገሩ እሱ ነው።

አሜሪካን እናምልክ ማለቴ አይደለም። ገንዘባቸው የለንም። ነገር ግን ሰነድ አለን። የውጫሌን ውል ውሰዱ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመ። ሁላችንም አንቀጽ 17ን እናስተምራለን። «የአማርኛውና የጣሊያንኛው ተለያየ» ብለን አስጽፈን እናልፋለን። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ አማርኛው ንጉሡ ከፈለጉ በጣሊያን በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መጻጻፍ እንዲችሉ ሲፈቅድ ጣሊያንኛው እንዴት ግዴታ እንዳደረገው ተማሪው በዓይኑ እንዲያይ ያደረገ ስንቶቻችን ነን? አንድ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ነው የሚፈጀው! ከዚያ በኋላ ልጁ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የሆነውን ሲማር ነገሩ ከአንድ ግሥ እንደ ተጀመረ ይገባዋል።

መንደራችንንም ውሰዱ። የሰፈሩ ስም ላም በረት ነው። የማን ላሞች ነበሩ? በረቱስ የት ነበር? ተማሪዎቻችሁን ወደ ሽማግሌዎቹ ላኩ። ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ወሎ የሚወጣው መንገድ በዚህ ያልፋል፤ ማን በምን ዘመን ገባበት፣ ማን ወጣበት? ከዚህ ትንሽ አለፍ ሲል ኮተቤ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1943 (እ.ኤ.አ.) ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተከፈተው እዚያ ነው። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት ታሪክ ከእግራችን ሥር ነው፣ እኛ ግን ፓወር ፖይንት እናያለን!

ፍርሃቱን እናንሳው

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «ይህ ሁሉ ለመናገር ቀላል ነው፤ ክፍል ውስጥ ሰነድ ከፍቼ ልጆቹ ቢጨቃጨቁ፣ ብሔር ቢነሳ፣ ነገ ማን ያድነኛል?» ትላላችሁ። ትክክል ናችሁ። ይህ ፍርሃት ከሰማይ አልወረደም። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 42 መምህራን ተባርረዋል። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት በ1988 ዓ.ም. ታስረው ስድስት ዓመት ያህል ቆይተዋል። የማኅበሩ መሪ አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. በፖሊስ ጥይት ተገድለዋል። መምህር ዝም ማለትን የተማረው በእንዲህ ያለ «ስልጠና» ነው። ያኛው ስልጠና ደግሞ ያለ አበል በደንብ ገብቶናል!

ግን ዝምታችን ማንን ጠቀመ? እኛ ያላስተማርነውን ልጁ ከስልኩ ተማረው። አንዱ ሁሉን ወርቅ ያደርግለታል፣ ሌላው ሁሉን ደም። ክፍል ውስጥ በማስረጃ ያልተከራከረ ልጅ፣ ውጭ ወጥቶ በድንጋይ ይከራከራል። ይህንንም በዓይናችን አይተናል። የታሪክ መምህር ሥራ የትኛው ብሔር ትክክል እንደነበር መፍረድ አይደለም። «ይህን ያልከው ከምን አግኝተህ ነው? ማን ጻፈው? መቼ? ለማን?» ብሎ መጠየቅን ማስተማር ነው። አራት ጥያቄ! አራቱን የያዘ ልጅ ማንም በቀላሉ አያሳስተውም።

ከዚህ ስንወጣ

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሚኒስቴሩን እንጠብቅ ካላችሁ ጠብቁ፤ እኔ ጠብቄ ጡረታ ወጣሁ። የምለው አጭር ነው።

አንደኛ፣ የስልሳ ሰዓቱን ግማሽ ለታሪክ ራሱ እንዲሰጡን እንጠይቅ። በስም ሳይሆን በደብዳቤ፣ ፈርመን! ሁለተኛ፣ በዚህ አካባቢ ያላችሁ የታሪክ መምህራን በወር አንድ ቅዳሜ ተሰብሰቡ። አንድ መጽሐፍ ወይም አንድ ሰነድ አንብባችሁ ኑ። አበል የለውም፤ ቡናውን በየተራ ታጠጣላችሁ። ሦስተኛ፣ ከኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲና ከስድስት ኪሎ የታሪክ ሰዎችን ጥሩ፤ እንዲሰብኩን ሳይሆን አብረውን ሰነድ እንዲያነቡ። ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ተማሪ ይዛችሁ ግቡ። አራተኛ፣ የክፍል ፈተናችሁ ላይ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ልጁ በራሱ ቃል የሚጽፈው ይሁን። ማረሙ ያደክማል፤ አውቃለሁ። የሚያደክመው ማስተማር ስለሆነ ነው።

ወገኖቼ፣ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። እኛ ባለመናገራችን የቀረብን ደጃዝማችነት አይደለም፤ ልጆቻችን ናቸው የቀሩብን።

ያ ቀጭን ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ትልቅ ሰው ሆኖ ይሆናል። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ከዘራዬን ይዤ፣ እያረፍኩ፣ ዋሻ ሚካኤል ወጣሁ። ግድግዳውን ዳሰስኩት። እዚያ ያገኘኋቸውን አንድ አባት «በማን ዘመን ነው የተፈለፈለው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ልጁ የነገረኝን ነገሩኝ። በዚህ ጊዜ ደብተር አውጥቼ ጻፍኩ።

ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቼ ነው የጻፍኩት። እናንተ አትዘግዩ። ነገ ጠዋት ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ይወጣል። «ቁጭ በል» አትበሉት።

አሁን ፊርማውን መፈረም ትችላላችሁ።